እትዬ ጀርመኖችን ያጠመቁ ለታ

ተራራ መውጣት የሚወድ ሰው ይገርመኛል። መኪና እያለ፣ አውቶቡስ እያለ፣ ቢቀር ቢቀር አህያ እያለ በገዛ ፈቃዱ ቦርሳ አዝሎ ሽቅብ የሚያለከልከው ፈረንጅ ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር። እኔ የአራት ኪሎ ልጅ ነኝ። ከአራት ኪሎ ፒያሳ እንኳን በታክሲ ነበር የምወርደው። ስለዚህ በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ ያውም በጾም፣ ያውም የእንጨት ሶል ያለው ነጠላ ጫማ አድርጌ፣ ባዶ ዳሚጃን፣ ያንን ሆደ ሰፊ የወይን ጠርሙስ፣ አቅፌ ገደል ለገደል የሄድኩት ወድጄ አይደለም። እትዬ ናቸው ያስኬዱኝ።

እትዬ ማለት ሮም ውስጥ በአንድ ቤት አብረን የምንሠራ ሴት ናቸው፤ እሳቸው ወጥ ቤት፣ እኔ ከልጆቹ ጋር። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፣ በቁጣ አባቴን ያስከነዳሉ። ጣልያንኛቸው ከሽንኩርትና ከድንች አልፎ አያውቅም፤ ግን በዚያችው ጣልያንኛ ሲኞራችንን እንደ ሠራተኛ ያዟት ነበር። «ሲኞራ፣ ውጪ!» ሲሏት ከገዛ ወጥ ቤቷ ትወጣለች። እኔም ብሆን ከሲኞራ ይልቅ እሳቸውን ነበር የምፈራው።

ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍታችን ነው። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሄደን ከአገር ልጆች ጋር ቆመን ወሬ እንለቃቅማለን። ሌላው ይስቃል፣ ያማል፣ ስለ ፔርሜሶው፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዱ፣ ያለቃቅሳል። እትዬ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው። ከአገር ቤት ወይም ከሱዳን የመጣ ሰው አለ በተባለ ቁጥር ሰዉን በክርናቸው ገፍተው ፊቱ ይቆሙና «ልጄን አይተኸዋል?» ይላሉ።

አንድ ልጅ ነበራቸው። አንድ ብቻ። እሳቸው አሠሪዎቻቸውን ተከትለው ሮም ከመጡ በኋላ፣ በዚያ በክፉው ጊዜ፣ ልጁን ቀበሌዎች ከቤት ወሰዱት፤ ከዚያም ከርቸሌ ገባ። ከዚህ ሆኖ ሰው ምን ያደርጋል? እትዬ ለሰፈራቸው አቦ ተሳሉ። «አቡዬ፣ ልጄን ከዚያ ቤት ካወጣህልኝ፣ በባዶ እግሬ ወርጄ ጸበልህን እጠመቃለሁ» አሉ። አቦም ሰማቸው፤ ልጁ ተፈታ። ስለቱ ግን እንዴት ይግባ? እትዬ አገር ቢገቡ ተመልሰው መውጣት የለም፤ ደርግ የመውጫ ቪዛ የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ነገ ሲሉ ልጁ በሱዳን በኩል ጠፋ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁም የለ፣ ወሬውም የለ።

«አቡዬ ነው» ይሉ ነበር። «ስለቴን በላሁበት። የሰጠኝን መልሶ ወሰደው።»

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር ብዙም አላምንም። ግን ሌሊቱን ሲገላበጡ አልጋቸው ሲንቋቋ እየሰማሁ ያደርኩት እኔ ነኝና አፌን ይዤ እሰማቸው ነበር።

ሮም ያሉ አንድ ቄስ መላ ሰጧቸው። «አምላክ አገር አይመርጥም። ከምንጭ የሚወርድ ንጹሕ ውሃ ፈልጊና አቦን ጠርተሽ ተጠመቂ፤ ስለትሽ ገባ» አሏቸው። ይሁን እንግዲህ። ንጹሕ የሚወርድ ውሃ ፍለጋ ተያያዝነው። አንድ ማለዳ እትዬ ገበያ ብለው ወጥተው አደባባይ ላይ ካለ ፏፏቴ ውስጥ ቆመው ተገኙ። ፖሊሱ ፊሽካውን እየነፋ ሲመጣ ከውሃው ሳይወጡ «ቆይ፣ አልጨረስኩም» አሉት፣ በአማርኛ። ምን እንደገባው እንጃ፣ ቆየላቸው። ኋላ ግን እትዬ ራሳቸው የሲጋራ ቁራጭ እግራቸው ሥር ሲንሳፈፍ አይተው «ይሄማ የቱሪስት እጣቢ ነው» ብለው ወጡ። ኦስቲያ ባሕር ዳርም ወስጃቸው ነበር። ባሕሩን በመዳፋቸው ጨልፈው ቀመሱና ተፉት። «ጨው የገባበት ጸበል የት አይተሽ ታውቂያለሽ? ወጥ ነው እንዴ?»

በዚያ ዓመት ሲኞራና ባሏ ለፌራጎስቶ፣ ለነሐሴው የጣልያኖች ትልቅ ዕረፍት፣ አንዲት ሩቅ ደሴት ላይ ቤት ተከራዩ። እኛም ከሻንጣዎቹ ጋር ተጫንን። መርከቡ ላይ እኔ አንጀቴ እስኪወጣ ሳስመልስ እትዬ ራሴን ይዘው «ጾም መያዝሽ በጀሽ፣ ምን ልታወጪ ነበር!» ይሉኛል። ደሴቲቱ ድሮ እሳተ ገሞራ የተፋት ነገር ናት። ጥቁር ድንጋይ፣ ጥቁር አሸዋ፣ እዚህም እዚያም ቁልቋል። ዝናብ የለ፣ ወንዝ የለ። የሚጠጣው ውሃ በመርከብ ነው የሚመጣው፤ ሲኞራ ባሏ ጢሙን ሲላጭ እንኳ በሩ ላይ ቆማ ቧንቧውን ትጠብቅ ነበር። እትዬ ገና ከመርከቡ እንደወረዱ ዙሪያውን ቃኙና «እኔ የምለው፣ ሰው ለመዝናናት ዳሎል ይሄዳል?» አሉ።

ጊዜው ፍልሰታ ነው። እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ሲኞራ ደግሞ ጨጓራቸውን አሟቸው ነው ብላ በየቀኑ የካሞሚላ ሻይ ታፈላላቸዋለች። ጾም መሆኑን ስንት ጊዜ አስረዳኋት! «ቫ ቤኔ፣ እሺ» ትላለች፤ ትሄድና ሌላ ካሞሚላ ትጥዳለች።

አንድ ጠዋት አትክልት የሚሸጥ ሽማግሌ አህያውን እየነዳ መጣ። እትዬ ከጭነቱ ላይ አንድ እስር ቆስጣ አነሡ። ቅጠሉ ሰፊ፣ ግንዱ ወፍራም፣ ሲቀነጥቡት ውሃው ጠብ ይላል። አገላበጡት። አሸተቱት። ዓይናቸው ተለወጠ።

«ይሄ ቆስጣ በመርከብ ውሃ አልበቀለም» አሉኝ። «ጠይቂው።»

ጠየቅኩት። ሽማግሌው በዱላው ተራራውን አሳየን። ከጀርባው ጠባብ ሸለቆ አለ፣ ላይኛው ጫፍ ላይ ምንጭ አለ፣ ክረምት ከበጋ ነጥፎ አያውቅም አለ። ለእትዬ ስተረጉምላቸው ቆስጣውን እንደያዙ እዚያው አማተቡ። እኔ በሆዴ «በቃ፣ አለቀልኝ» አልኩ።

የፌራጎስቶ ዕለት ቤተሰቡ ማለዳ በጀልባ ተሳፍሮ ሄደ፤ ለእኛም ቀኑ ተለቀቀልን። እትዬ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቁጠሪያቸውን እጃቸው ላይ ጠምጥመው ጠበቁኝ። እኔን ባዶውን የወይን ዳሚጃን አሸከሙኝ፣ አንበሳና ነብር የከበቡትን የአቦን ሥዕል ደግሞ በብብቴ ወሸቁልኝ። ከበሩ እንደወጣን ጫማቸውን አወለቁና እሱንም ሰጡኝ።

«እትዬ፣ ድንጋዩ ምላጭ ነው እኮ!»

«የተሳልሽው አንቺ ነሽ እኔ?»

ምን ይባላል? ሄድን። ፀሐዩ ገና በማለዳው አናት ይበሳል። መንገዱ የፍየል መንገድ ነው፤ ድንጋዩ ይንሸራተታል፣ እሾሁ ይይዛል፣ እንሽላሊቱ እግሬ ሥር በተሯሯጠ ቁጥር እኔ እጮሃለሁ። ከኋላችን ቦት ጫማ ያጠለቁ ፈረንጆች መጡና ሰላምታ ሰጥተውን አለፉን። አንዷ የእትዬን እግር አየች፣ እኔን አየች፣ በእጄ የያዝኩትን ጫማ አየች፤ ቀጥላ በጥላቻ ገላመጠችኝ። ጫማቸውን የቀማኋቸው መሰላት መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ የአንዱ ነጠላ ጫማዬ ጠፍር ተበጠሰ፤ ምንም ስለት የሌለብኝ ሰው በአንድ ባዶ እግሬ ማነከስ ጀመርኩ።

«አቡዬ ግማሽ ተቀበለሽ» አሉ እትዬ ሳይዞሩ።

የእሳቸው እግር ግን ያሳዝን ነበር። ድንጋዩ ላይ ደም እያየሁ ነው የምከተላቸው። እህ አላሉም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔም ማጉረምረሙን ተውኩት።

ተራራው ጫፍ ደርሰን ቁልቁል ስናይ ሁለታችንም ቆምን። ያ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ ስንጥቁ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው። ሸምበቆ፣ በለስ፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ እንጆሪ። ነፋሱ ሲመጣ ጭቃና ናና ይሸታል። ደግሞ ድምፁ! ከስንት ቀን በኋላ የሚወርድ ውሃ ድምፅ ሰማን። ደስ አለኝ፤ ተራራ አልወድም ያልኩትን አልክድም፣ ግን ደስ አለኝ።

«ቄጤማ!» ብለው ጮሁ እትዬ። «አንቺ ልጅ፣ ቄጤማ አለው!» ያንን እግራቸውን ይዘው ቁልቁል ሮጡ። እናቴ ትሙት፣ ሮጡ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ራሱ ውሃው ነው። ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጥን፣ ሸምበቆውን እየገለጥን፣ እንቁራሪቶቹ ጧ ጧ እያሉ ውሃው ውስጥ ሲገቡ ወደ ላይ፣ ወደ ምንጩ ወጣን። አንዱ ድንጋይ ላይ የሚያሙለጨልጭ አረንጓዴ ነገር ነበርና ተንሸራትቼ በመቀመጫዬ ጅረቱ ውስጥ ዘጭ አልኩ፤ ሁለት እጆቼን ወደ ሰማይ፣ በአንዱ ዳሚጃኑ፣ በአንዱ ሥዕሉና ጫማው። እትዬ ዞር ብለው ደነገጡ። «ዳሚጃኑ ተረፈ?» አሉ።

መጨረሻ ላይ ሸምበቆው አለቀና ውሃው ከገደሉ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድበት አንድ ኩሬ ጋ ደረስን። በስመ አብ! እነዚያ ያለፉን ፈረንጆች ኩሬው ውስጥ ናቸው፤ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ እንደተወለዱ፣ ዕርቃናቸውን። እኔ ሥዕሉን ፊቴ ላይ ጋረድኩ። እትዬ ይጮሃሉ፣ ይረግማሉ፣ ድንጋይ ያነሣሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ፈካ።

«አላልኩሽም? ጸበልተኞች ናቸው!»

«እትዬ፣ ፈረንጆች እኮ ናቸው!»

«ፈረንጅ አይታመምም?»

ነገሩ ለካ ለእሳቸው ግልጽ ነው። ሰው ጸበል ቦታ ልብሱን ያወልቃል፤ እነዚህም አውልቀዋል፤ ስለዚህ ቦታው ጸበል ነው፣ ያውም የታወቀ። ቅር ያላቸው ሥርዓቱ ብቻ ነበር። «ወንድና ሴት አንድ ላይ? አስተናጋጅ የላቸውም እንዴ?» አሉና ሥዕሉን ከእጄ ቀምተው ድንጋይ ላይ አቁመው፣ ሥራውን ራሳቸው ጀመሩት። እጃቸውን አጨበጨቡ። «ወንዶች ወዲያ! ሴቶች ወዲህ! ተራ ያዙ!»

አማርኛ አያውቁም። ግን ሲኞራን ከወጥ ቤቷ ያስወጣ ድምፅ እነሱንም ለሁለት ከፈላቸው። ወንዶቹ በእጃቸው ተሸፋፍነው ወደ ግራ፣ ሴቶቹ ወደ ቀኝ። ያቺ የገላመጠችኝ ሴትዮ የእትዬ ነጠላ ተሰጣት፤ ለበሰችው።

መጀመሪያ አንድ ቀይ ጢም ያለው ዘንካታ ሰውዬ ወደ ፏፏቴው ተገፋ። ውሃው ከድንጋይ ሆድ ነው የሚወጣው፣ በረዶ ነው። አናቱ ላይ ሲያርፍበት ገደሉ እስኪያስተጋባ ጮኸ። አይ፣ መጮህ አልነበረበትም! እትዬ ጸበል ላይ የሚጮህ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። መቁጠሪያቸውን ዘርግተው ተጠጉት።

«ማነህ? ተናገር! ማነህ?»

ሰውዬው እየተንቀጠቀጠ እኔን በተሰባበረ ጣልያንኛ ጠየቀኝ። «ምን እያሉ ነው?»

«አሎራ... ማን እንደሆንክ ነው የሚጠይቁህ» አልኩት። ምን ልበል?

ጨዋ ሰው ነው። በዚያ ውሃ ሥር ቆሞ ስሙን ተናገረ፤ ጀርመናዊ ነኝ፣ የጥርስ ሐኪም ነኝ አለ።

«ምን አለ?»

«የጥርስ ሐኪም ነኝ ይላል።»

«አየሽ! እህ! የስንቱን ሰው ጩኸት ተሸክሞ ኖሯል!» ብለው በመቁጠሪያቸው ጀርባውን ሾጥ አደረጉት። «የት ያዝከው?»

«ከየት ጀመረህ ይላሉ» አልኩት።

ሐኪሙ አሰበበት። «ወገቤን ነው» አለ። «ጎንበስ ብዬ ስለምሠራ ነው መሰለኝ።»

ተረጎምኩ። እትዬ ወገቡ ላይ አከታተሉበት። ከውሃው ሲወጣ ቀና አለ፣ ተጣመመ፣ ተንጠራራ፤ ለጓደኞቹ በቋንቋቸው አንድ ነገር ነገራቸውና እነሱ ደግሞ ተራ ለመያዝ ተጋፉ። ሁሉም ገቡ፣ ሁሉም ጮሁ፣ ሁሉም ተጠየቁ። ኋላማ ጥያቄዋን ለምደዋት አንዱ ገና ወደ ውሃው ሲጠጋ ሌሎቹ ከዳር ሆነው «ማነህ! ማነህ!» ይላሉ። እኔ በሳቅ ድንጋይ ተደግፌ ተቀምጫለሁ። እኔንም አስገቡኝ፤ የጮህኩትን ጩኸት አልናገርም።

በመጨረሻ እትዬ ቀሩ። ቀሚሳቸውን እንደለበሱ፣ ፀጉራቸውን ፈትተው፣ በዚያ በደማ እግራቸው ገቡ። እኔ አብሬያቸው ኖሬ ፀጉራቸው ያን ያህል መሸበቱን አላውቅም ነበር። ውሃው ወረደባቸው። ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ጮሁ። እንደ ጀርመኖቹ የብርድ ጩኸት አይደለም። ሐኪሙ ግን በምን ያውቃል? ተራው የእሱ ነውና፣ እየሳቀ፣ ጣቱን ቀስሮ «ማነህ?» አላቸው።

«እናቱ ነኝ!» አሉ እትዬ።

ሳቁ ቆመ።

«እናቱ ነኝ! አቡዬ፣ ይኸው መጣሁልህ፣ በእግሬ መጣሁልህ! ልጄ የት ወደቀ? በልቶ ይሆን? ሞቶም ከሆነ ንገረኝ! እናቱ ነኝ!»

ሐኪሙ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በቀስታ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። እኔም እንባዬን እየጠረግሁ «እናት ነኝ ነው የሚሉት። ልጃቸው ጠፍቶባቸው ነው» አልኩት።

ሐኪሙ ሄዶ ሱሪውን አነሣና ለበሰ። ሌሎቹም ለበሱ።

ስንመለስ የሞላውን ዳሚጃን ተራራውን ሙሉ ያዘለው እሱ ነው። ወገቡን አላመመውም። ሴቶቹ የእትዬን እግር አጥበው በፋሻ ጠቅልለው፣ ጫማቸውንም አጥልቀውላቸው፣ ክንድና ክንዳቸውን ይዘው ወረዱ። ስለቱ ገብቷልና እትዬ ጫማ አልከለከሉም። እኔን ማንም አልደገፈኝም።

ቤት ስንደርስ የሲኞራ ባል ዳሚጃን ሙሉ ውሃ አይቶ፣ በዚያ ደረቅ አገር ጓግቶ ሳንነግረው በብርጭቆ ላይ ብርጭቆ ጠጣ። ሆዱ ከመጸዳጃ ቤት አላስወጣ አለው፤ ሲኞራ ዶክተር ልትጠራ ተሯሯጠች። እትዬ ግን ደስ አላቸው። «ተያት፣ ትረጋጋ በያት። እያጠበለት ነው» አሉኝ፤ እሱን እንዴት ብዬ በጣልያንኛ ልበል! ከተረፈው አንድ ጠርሙስ ሞልተው፣ አፉን በሰም ደፍነው፣ ሮም ይዘውት ገቡና ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ከነጠላቸው ሥር አስቀመጡት።

ሐሙስ መጣ፣ ሐሙስ ሄደ። ወሬ የለም። ውሃው በጠርሙሱ ውስጥ አረንጓዴ ሆነ። «እትዬ፣ ይደፋ እንጂ፣ እንቁራሪት ሊወልድ ነው» ብላቸው በጭልፋ አባረሩኝ። ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። አንድ ሐሙስ ከካርቱም የመጣች ልጅ ተርሚኒ ላይ ቆማ፣ የእትዬን ጥያቄ ሰምታ፣ «አዎ፣ አይቼዋለሁ» አለች። ከዚያ በኋላ እሱ ሮም እስኪደርስ ያለውን ጣጣ፣ የቢሮውን ደጅ ጥናት፣ የእትዬን የጾም ብዛት ልተወው።

ያኔ ከአየር ማረፊያ የሚመጣው አውቶቡስ ተርሚኒ ጎን ነበር የሚያወርደው። ቀኑ ብርድ ነው። ሰዉ ወረደ። ኮረዳ ወረደች፣ ባልና ሚስት ወረዱ፣ ፌስታል ያንጠለጠለ አንድ የሸበተ ቀጭን ሰው ወረደ። እትዬ አልፈውት ወደ አውቶቡሱ በር ያያሉ፤ እኔም በፎቶ የማውቀውን ያንን ጉንጩ ሙሉ ልጅ እፈልጋለሁ። አውቶቡሱ ባዶ ሆነ። በሩ ተዘጋ። የሸበተው ሰውዬ አልሄደም፣ ፊታችን ቆሟል።

እትዬ ጠርሙሱን ከጉያቸው አወጡ። ሰሙን በጥርሳቸው ነቅለው ያንን አረንጓዴ ውሃ አናቱ ላይ ገለበጡት። ሰውዬው ጣቢያው እስኪሰማ ጮኸ። መንገደኛው ሁሉ ዞረ።

«ማነህ?» አሉት።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ የሸለቆው ጨዋታ ትዝ ብሏቸው መስሎኝ ነው። ፊታቸውን ሳይ ግን ሳቄ ደረቀ። ከልባቸው ነው የሚጠይቁት።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አላቸው፣ ውሃው ከቅንድቡ እየተንጠባጠበ። «ልጅሽ ነኝ።»

እትዬ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ሳብ አደረጉና ገላውን እንደታጠበ ሕፃን ያደርቁት ጀመር፣ ፀጉሩን፣ አንገቱን፣ ከጆሮው ኋላ። እያደረቁት ወደ እኔ ዞሩ።

«ሲጮህ ሰማሽው አይደል?» አሉኝ። «ወጣለት።»